ጋሽ ኤርሲዶና የብስክሌቱ መብራት

አልማዝ ደውላ «ጋሽ ኤርሲዶ ወደ ጌታ ሄደ» ስትለኝ፣ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «መኪና ገጨው?» የሚል ነበር። ሰውየው ዳላስን ለቆ ሆሳዕና ከገባ ስንት ዘመኑ! ብስክሌት ላይ ከወጣም እንደዚያው። የእኔ ስጋት ግን እዚያው ዳላስ ዳር ካሮልተን ውስጥ መንገድ ላይ ቆሞ ቀርቷል።

«ኧረ ምን መኪና ትያለሽ! አልጋው ላይ ነው፤ እንደተኛ በዚያው ቀረ» አለችኝ።

ተገላገልኩ። ሰው ሞተ ሲሉኝ መገላገሌ ደግሞ አናደደኝና ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አልማዝም በዚያኛው ጫፍ አለቀሰች። ለቅሶዋን ስትጨርስ ድምፅዋ ቀለል አለና፣ «ብቻ ጌታ ይመስገን፤ ዐይኑ በርቶለት ኖረ፣ በርቶለት ሞተ» አለች። ከዚያ ጠየቀችኝ፦ «ምስክርነቱ ያለበት ካሴት አንቺ ጋ አይጠፋም አይደል? እሑድ መታሰቢያው ላይ እናሰማዋለን።»

«አለ» አልኳት። አለ፤ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ሌላ ምን ልበላት? አልማዝ በዚያ ካሴት ስንት ክፉ ቀን አልፋለች። እሷ የምታውቀው ጋሽ ኤርሲዶ ካሴቱ ውስጥ ያለው ነው። እኔ የማውቀው ሌላ ሰው ነው።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ዲቪ ደርሶኝ ነው ዳላስ የገባሁት። ካሮልተን ውስጥ ከሁለት ሴቶች ጋር አንድ አፓርታማ ተከራየን፤ እኔ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሥራ አገኘሁ። የመጀመሪያዋን እሑድ ወደ አማርኛው ቤተ ክርስቲያን ወሰዱኝ። አዳራሹ የፈረንጆች ነው፤ እነሱ ጠዋት አምልከው ሲወጡ እኛ ከሰዓት እንገባለን። ገና ወንበር ሳልይዝ አንዷ ጎኔን ጎሸም አደረገችኝና፣ «ያ ረጅሙ ሰውዬ ይታይሻል? ዳፍንት ነበረበት። ፀሐይ ከገባች ዐይኑ ድርግም ነው። ጌታ ፈወሰው» አለችኝ።

ታሪኩን ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። በበጋው ኮንፈረንስ ላይ ፓስተራችን እጃቸውን ጭነውበት ሲጸልዩ ጋሽ ኤርሲዶ «አየሁ!» ብሎ ጮኸ። በሳምንቱ ቆሞ መሰከረ። ምስክርነቱ በካሴት ተቀዳ፤ ካሴቱ ተባዝቶ ዴንቨር ሄደ፣ ሲያትል ሄደ፣ ሆሳዕና ሚስቱ ጋ ደረሰ። እሷም ጎረቤት ጠርታ አሰማች።

ከሁሉ በላይ ካሴቱን የያዘችው አልማዝ ነበረች። አልማዝ አቤል የሚባል ልጅ አላት፤ እግሩ አይሄድም። ያኔ ስድስት ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ጭኗ ላይ አስቀምጣው እግሩ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። ሁልጊዜ የፊተኛው ረድፍ ላይ ናት። የጸሎት ሰዓት ሲደርስ የእሷን ድምፅ የማይለይ የለም፤ «ለጋሽ ኤርሲዶ ያደረግህ አምላክ፣ ለአቤልም አድርግ!» ትላለች። ጋሽ ኤርሲዶ ይህን በሰማ ቁጥር አንገቱን ይደፋል። ትሕትና ይመስለን ነበር።

እኔ መጀመሪያ ላይ አልወደድኩትም፤ እውነቱን ልናገር። ኩሩ ይመስላል። እጅህን ዘርግተህ ሰላም ስትለው እጅህ አየር ላይ ይቀራል። ሊያይህ ሲፈልግ ዐይኑን ሳይሆን አንገቱን በሙሉ እንደ ዶሮ ያዞራል። ደግሞም ብስክሌት! ቴክሳስ ውስጥ! እዚህ አገር ብስክሌት የሚነዳ ትልቅ ሰው የመንጃ ላይሰንሱን በመጠጥ የተነጠቀ ነው ይላሉ። ሽማግሌዎቹ፣ «ጌታ ዐይንህን ከፈተልህ አይደል እንዴ? ላይሰንስ አውጣና እንደ ሰው ንዳ እንጂ!» ሲሉት አፉን በእጁ ሸፍኖ ይስቅና «ለጤና ነው» ይላል። ሱሪውን በላስቲክ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አስሮ፣ ሄልሜቱን ከሹራብ ቆብ በላይ ደፍቶ ይሄዳል።

የምንኖረው አንድ ግቢ ውስጥ መሆኑን ያወቅኩት በብስክሌቱ ነው። አቤት ያቺ ብስክሌት! ሆሳዕና እያለ የመኪና ኤሌክትሪሲያን ነበር፤ እድሜውን ሙሉ ዲናሞ ሲጠመጥም የኖረ ሰው ነው፤ ስለዚህ ገዝቶ የሰካባት ነገር ምንም የለም። መሪው ላይ የእጅ ባትሪ በጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ ጠፍሮ አስሯል። ከኋላ ደግሞ ከወዳደቀ መኪና ላይ የነቀለው ቀይ የኋላ መብራት አለ። የሞተር ሳይክል ባትሪ ምሳ ዕቃ ውስጥ ከትቶ ኮርቻው ሥር አስሯል፤ ከዚያ የሚወጣው ሽቦ ሁሉንም ያበራል። ያኔ በየፖስታ ሳጥኑ በነጻ የሚላኩ የኮምፒውተር ሲዲዎች ነበሩ፤ እኛ የምንጥላቸውን እሱ ለቅሞ ራጂዎቹ መሀል ሰክቷቸዋል፤ ጎማው ሲዞር ብልጭ ብልጭ ይላሉ። በግራ በኩል ቀይ አንጸባራቂ የተለጠፈበት ዱላ ወደ መንገዱ ዘርግቷል። «መኪናው ዱላውን ሲሸሽ እኔን ይሸሻል» ይላል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ቆሞ፣ ጫፉ ላይ ብርቱካንማ ጨርቅ ይውለበለባል።

ፒክአፕ የሚነዱ ጎረምሶች መስኮት ከፍተው «ክሪስማስ ትሪ!» ብለው፣ የገና ዛፍ ነህ ለማለት፣ ይጮኹበታል። አንዴ በረዶ የሞላ የለስላሳ ኩባያ ወረወሩበት፤ ደረቱ እንደራሰ መጣ። እኔ ስናደድ እሱ ይስቃል። «ምን ያናድድሻል? አይተውኛል ማለት እኮ ነው!»

አንድ ቀን ሲመሻሽ ከሥራ ገብቼ ፓርክ ሳደርግ ድምፄን ሰምቶ ጠራኝ።

«ቲጂ፣ ደክሞሻል? እስቲ መኪናሽን አዙሪና ከዋናው መንገድ እንደገና ግቢልኝ። ከየት ጀምሮ እንደታየሁ ንገሪኝ።»

ደክሞኛል፤ ግን እምቢ የሚባል ሰው አይደለም። ወጥቼ ተመለስኩ። እሱ ብስክሌቱ ላይ ተቀምጦ እየጠበቀኝ ነው።

«ታየሁ?»

«ታይተሃል፣ ከግቢው በር ጀምሮ።»

«ሰው ሆኜ ነው ወይስ መብራት ሆኜ?»

«ምን ማለት ነው ጋሼ?»

«ማለቴ፣ ስታይኝ ‹ይኸ ሰው ነው› አልሽ ወይስ ‹እዚያ መብራት አለ› አልሽ?»

አሰብኩት። እውነትም መብራት ነው ያየሁት። ነገርኩት፤ ፊቱ ቅጭም አለ። በሳምንቱ ሁለት ነጭ አንጸባራቂ ጥብጣቦች ቁርጭምጭሚቱ ላይ አስሮ፣ ፔዳሎቹ ላይም ለጥፎ እንደገና አስወጣኝ። ስመለስ ከሩቅ ሁለት ነገሮች ተራ በተራ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላሉ። እግር ነው! ሰው! መስኮቴን ከፍቼ «ሰው ነህ፣ ጋሼ! ሰው!» ብዬ ጮኽኩ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። እኔም ያን ቀን ወደድኩት። ከዚያ በኋላ የሚሠራበት የዕቃ መጋዘን፣ ዌርሃውሱ ውስጥ፣ አብረውት ያሉት ሜክሲኳውያን ብስክሌታቸውን እየገፉ ይመጡ ጀመር፤ የሁሉንም ፔዳል አንጸባራቂ ለጠፈላቸው። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ አንጸባራቂ ቴፑን እየቆረጥኩ አቀብለዋለሁ።

እንዲህ እያልን ዲሴምበር ገባ። ቀኑ ቶሎ የሚመሽበት ወቅት ነው። አንድ ረቡዕ ወደ ጸሎት ሊሄድ ሲነሣ እኔ ከሥራ ገባሁ። ከመውጣቱ በፊት ሁልጊዜ የሚያደርጋት ነገር አለች፤ የፊቱን መብራት በመዳፉ ይነካል፣ የኋላውን በመዳፉ ይነካል። አቧራ የሚያብስ ይመስለኝ ነበር፤ እንዴት ንጽሕና ይወዳል እል ነበር። ያን ቀን የፊቱ አምፖል ቦግ ብሎ ድርግም ሲል ዐይኔ እያየ ነው። እሱ ግን መስታወቱን በመዳፉ ነካና፣ ራሱን ነቅንቆ፣ ፔዳሉን ረገጠ።

«ጋሼ! የፊቱ ጠፍቷል እኮ!»

ቆመ። ወረደ። መልሶ ነካው። «ሞቋል እኮ» አለ።

እኔ እስከዚያ ዞሬ በግራው አጠገቡ ደርሻለሁ። እሱ የሚያወራው ግን ቀድሞ ድምፄ ለመጣበት ለባዶው ቦታ ነው። ክው አልኩ። እነዚያ አየር ላይ የቀሩት እጆች፣ ያ የሚዞረው አንገት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ።

«ጋሼ፣ አታይም እንዴ?»

«ዝግ በይ፤ ሰው ይሰማል» አለኝ።

ደረጃው ላይ ተቀመጥን። እንዲህ አለኝ፦ «አልዋሸሁም፣ ልጄ። የተጸለየልኝ ቀን አዳራሹ እንደ ቀን በርቷል፤ ሰዉ ይጮኻል፤ ልቤ ሞላ። አየሁ አልኩ። እውነትም ያየሁ መሰለኝ። ማታ ማታ ሽቦ ስለይ፣ ይኸው ተሻለኝ እል ነበር። በሳምንቱ መሰከርኩ። ከዚያ አንድ ማታ ከዌርሃውስ ስወጣ ከግንብ ጋር ተላተምኩ። ግንቡ ሁልጊዜም እዚያው ነው፤ ለካ ያን ሳምንት ያለፍኩት በሰው ትከሻ ተደግፌ ኖሯል።»

«ሐኪም ጋ ሂድ!»

«ሄጃለሁ። የሚሞተው የዐይንህ ጀርባ ነው አለኝ፤ ከዳር ወደ መሀል። መነጽርም መድኃኒትም የለውም። አሁን ቀንም ቢሆን በሸምበቆ አጮልቆ እንደሚያይ ሰው ነኝ።»

«ታዲያ እንዴት ነው የምትነዳው?»

«መንገዱን በቃሌ ይዤዋለሁ። የመንገዱ ጠርዝ ላይ ያለችው ነጭ መስመር በመብራቴ እንደ ክር ትታየኛለች፤ እሷን መከተል ነው። መኪናዎቹን ግን አላያቸውም።» ትከሻውን ከፍ ዝቅ አደረገ። «ሶ፣ እነሱ ናቸው እኔን ማየት ያለባቸው።»

እኔን! በዚያ ሁሉ ፒክአፕ መሀል! ያ ሁሉ ሲዲ፣ ያ ሁሉ ሽቦ፣ ያ ሁሉ «ታየሁ?» ለካ ለዚህ ነው። አላየሁም ማለት አቅቶት፣ ዳላስ በሙሉ እንዲያየው ነው የሚለምነው።

ቆጣ ብዬ፣ «ለምን አትናገርም? ቤተ ክርስቲያን ተነሥተህ አልዳንኩም በል! ማንም አይገርፍህም» አልኩት።

«አልማዝስ?» አለኝ። «አቤልን ያቀፈችው በእኔ ነው እኮ። እኔ አልዳንኩም ካልኩ ልጅሽን መሬት ላይ ጣይው አልኳት ማለት ነው። ሚስቴስ? ካሴቱን ሆሳዕና በሙሉ ሰምቶታል።» ከዚያም ሥራው አለ። ዌርሃውሱ ውስጥ መብራቱ ደማቅ ነው፤ መደርደሪያውን ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ዕቃ የሚያነሣው ፎርክሊፍት በሚሽከረከርበት ቦታ ግን የማያይ ሰው አያሠሩም። ሆሳዕና ያለው ቤተሰብ በሙሉ የሚበላው ከዚያ ሥራ ነው። ለማንም እንዳልናገር በጌታ ስም አስማለኝ።

ምን ላድርግ? በመኪናዬ ራይድ ልስጥህ አልኩት። እሱ ጎሕ ሳይቀድ ይወጣል፤ እኔ ያን ሰዓት መጦሪያው ውስጥ አዛውንት እያገላበጥኩ ነኝ። በማይገጥምልኝ ቀን የሚያደርሰው ሰው ብጠይቅለት «ለምን ላይሰንስ አያወጣም?» ይሉኛል። ዕረፍት ባለኝ ቀን ደግሞ አንድ ብልሃት መጣልኝ። ሲመለስ አራቱን ፍሬቻ አብርቼ ከኋላው ቀስ እያልኩ ተከተልኩት። ከእኔ ኋላ ያለው መኪና ሁሉ ጡሩምባውን ለቀቀው። አንዱ ተናዶ ሊያልፈኝ ሲወጣ፣ ከፊቴ ጋሽ ኤርሲዶ መኖሩን ያየው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያችን ዱላ ሰብሮበት አለፈ። ጋሽ ኤርሲዶ ወረደ።  ቆጣ ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አንቺ ከኋላዬ ስትሆኚ የሚያዩት አንቺን ነው! እኔ እኮ ጠፋሁ!»

መኪናዬን ዳር አቁሜ አለቀስኩ። ላግዘው ብዬ ላስገድለው ነበር። በማግስቱ አዲስ ዱላ አስሮ ወጣ።

ጸደይ ሲገባ አልማዝ ፊቷ በርቶ ጓዳ ጠራችኝና፣ «ለማንም እንዳትናገሪ፣ ሰርፕራይዝ ነው፤ ለጋሽ ኤርሲዶ መኪና እየገዛንለት ነው» አለችኝ። የጌታን ሥራ እኛ እንፈጽመው ብለው ነው። እሱ ዐይን ሰጠው፣ እኛ መኪና እንስጠው። ምእመኑ በሙሉ፣ ሁለት ሥራ የሚሠራውም፣ ትናንት የመጣውም አዋጥቷል። አልማዝ ራሷ የአቤልን ወንበር ልትቀይር ያስቀመጠችውን ጨምራበታለች።  ክፋት ቢሆን እኮ እጮኽ ነበር! ፍቅር ነው። ፍቅርን በምን ትከለክለዋለህ?

መሐላዬን አፍርሼ ፓስተራችን ጋ ሄድኩ። ደግ ሰው ናቸው፤ ይህን ሳልናገር ወደፊት አልሄድም። በሥራ ቀን ታክሲ ይነዳሉ፤ አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ኤርፖርት የሚቀበሉት እሳቸው ናቸው፤ እኔንም የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። ታክሲያቸው ውስጥ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። መሪውን ይዘው ፊት ለፊት እያዩ ሰሙኝ።

«ልጄ፣ እጄን የጫንኩት እኔ ነኝ» አሉኝ። «ሲበራለት ከእጄ ሥር ነው የጮኸው። ጠላት እኮ ፈውስን የሚሰርቀው እንዲህ በጥርጣሬ ነው። እኛ ስንጠራጠር እሱም ይጠራጠራል።»

«ፓስተር፣ ሐኪም ነግሮታል እኮ! ቢነዳ ሰው ይገድላል!»

«መሪውን ሲይዝ እምነቱ ይመለሳል። አንቺም ጸልዪ።» ድምፃቸው ግን እንደ መድረኩ አልነበረም።

የጋሽ ኤርሲዶን መጨረሻ እዚሁ ልናገርና ልገላገል። መኪና አልገጨውም። በዓመቱ ዌርሃውሱ ውስጥ ከተቆለለ ዕቃ ጋር ተጋጨና አለቃው አወቀበት፤ አሰናበቱት። መኪናዋን ለቤተ ክርስቲያን መልሶ አገሩ ገባ። እዚህ «አገሩ ናፍቆት ሄደ» ተባለ። ሆሳዕና ሄዶ ያየው ሰው እንደነገረኝ፣ ሚስቱ ክንዱን ይዛ ገበያ ትመራው ነበር። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ይህ አይደለም። ያ መኪናው የተሰጠበት እሑድ ነው።

ያን እሑድ አዳራሹ ጢም ብሏል። መኪናዋ ታጥባ፣ ሪባን ታስሮባት ደጅ ቆማለች። ጋሽ ኤርሲዶ እንደ ሁልጊዜው ብስክሌቱን ከጓሮ ካለው ብረት ጋር አስሮ፣ ምንም ሳያውቅ ገባ። ፓስተራችን ወደ መድረክ ጠሩትና ቁልፉን ዘረጉለት። ቁልፉ አየር ላይ ቀረ። ሰዉ በደስታ የደነዘዘ መስሎት ሳቀ፤ ፓስተራችን ግን መዳፉን ፈልገው ውስጡ አስቀመጡለት። ጋሽ ኤርሲዶ ጣቶቹን ቁልፉ ላይ አመላለሰ። ምን እንደሆነ ገባው።

ማይኩን ያዘ። «ወገኖች፣ ጌታ ይባርካችሁ» አለ። «ይህን መቀበል አልችልም። እኔ አላይም። አልዳንኩም።»

 ተናገረው! በቃ፣ ተገላገለ ብዬ ብድግ አልኩ። የአልማዝን ፊት ግን አየሁት፤ ባላየሁት ይሻለኝ ነበር። አፏ ተከፍቶ አቤልን ጥብቅ አድርጋ ይዛለች። ከዚያ ከኋላ አንዱ «ጌታ ሆይ!» አለ። ሌላው «ይህ የእሱ ድምፅ አይደለም!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ሰዉ በሙሉ ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ እሱ ፈሰሰ።

አልተቆጡትም። ቢቆጡት ምን ነበረበት! እያለቀሱ ራሱ ላይ፣ ትከሻው ላይ፣ ጀርባው ላይ እጃቸውን ጫኑ። ረጅሙ ሰውዬ በእጅ ብዛት ጎበጠ። እኔም ተጋፍቼ ገባሁና እጄን ጀርባው ላይ አሳረፍኩ፤ ሸሚዙ በላብ ርሷል። ሌላ የማደርገው ነገር ስላጣሁ እኔም ጸለይኩ፤ ያውም ከልቤ። ጌታ ሆይ፣ አሁን አድርገው፤ አሁን ብታደርገው እኮ ሁላችንም እንድናለን አልኩት። ጸሎቱ ጋል፣ በረድ፣ ደግሞ ጋል ይላል። ማንም መጀመሪያ እጁን ማንሣት አልፈለገም። የፈረንጆቹ ዘበኛ በሩን ከፍቶ አየና መልሶ ዘጋው። 

አልማዝ አቤልን ታቅፋ በሰው መሀል መጣች። ልጁ ከብዷታል፤ እግሮቹ ተንጠልጥለው ሰው ይመታሉ። ወደ ጋሽ ኤርሲዶ አስጠጋችው። አቤል እጁን ዘረጋና ሁለቱንም መዳፎቹን ዐይኖቹ ላይ አደረገለት። ከዚያ አንሥቶ አየውና፣ በዚያ በእንግሊዝኛ በተሸፈነ አማርኛው፣ «ጋሼ፣ ኦኬ ነህ? አየህ?» አለው።

ጋሽ ኤርሲዶ ፊቱን ወደ ልጁ ድምፅ አዞረ።

«አየሁ» አለ።

በጣም ቀስ ብሎ ነው ያለው። ፓስተራችን ማይኩን አስጠጉ። «ምን አልክ?»

«አየሁ።»

እልልታው ጣራውን ሊነቅለው ደረሰ። ሰው ተቃቀፈ። አቤል በሁለት እጁ እያጨበጨበ ይስቃል፤ አልማዝ መሬት ላይ ተንበርክካለች። 

ሰዉ እየዘመረ ወደ ደጅ አወጣው። ፀሐይ ልትገባ ነው። የሹፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጡት፤ አንዱ የቪዲዮ ካሜራ ይዟል፤ «ንዳ! ንዳ!» ይላሉ። ሕፃናት መኪናዋ ፊት ይዘላሉ። ጋሽ ኤርሲዶ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ዐይኑን ፊት ለፊት ተክሎ ቀረ። ቁልፉን የሚከትበትን ቀዳዳ በአውራ ጣቱ ይፈልጋል።

በክርኔ እየገፋሁ ደረስኩና በሩን ከፈትኩት። «ጋሼ፣ እልፍ በልልኝ፤ እንዲህ ዓይነት መኪና ነድቼ አላውቅም፤ መጀመሪያ እኔ ልሞክረው!» አልኩ። ሰዉ ሳቀ። «አይ ይቺ ልጅ፣ ድፍረቷ!» አሉ። እሱ ወደ ጎን ተሳበ። ፓስተራችን ቀረቡና በሩን በእጃቸው ዘጉልኝ። ዐይኔን ግን አላዩኝም።

ቤልት ላይን የሚባለው አውራ መንገድ ላይ ስንወጣ ጨለመ። ከፊትም ከኋላም መኪና ነው። እሱ ከመኪናዋ የተፈታውን ሪባን ጣቱ ላይ እየጠመጠመ፣ እየፈታ፣ ብዙ መንገድ ሄድን።

«የልጁ እጅ ትንሽ ናት» አለኝ። «ምን ልበለው? ‹አየህ?› ሲለኝ ምን ልበለው?»



ግቢያችን ገብቼ ፓርክ አደረግኩ። ሞተሩን ሳጠፋ እንኳን አልወረደም።

«ብስክሌቷ እዚያ ቀረች» አለ።

«ነገ ጠዋት እኔ አደርስሃለሁ።»

«ሥራ አለሽ።»

«አስፈቅዳለሁ! አደርስሃለሁ አልኩ እኮ!» ጮኽኩበት። ለምን እንደጮኽኩበት አላውቅም።

ራሱን ነቀነቀ። እጄን በዳበሳ ፈልጎ መታ መታ አደረገልኝ፤ እኔን እኮ ነው የሚያጽናናው! ከዚያ ሳይቆጣ፣ ሳያማርር፣ መንገድ እንደሚጠይቅ ሰው፣ «ከነገ ወዲያስ?» አለኝ።